የጎጃም ቤት፦ ከእንደራሴዋ እቴጌ እስከ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጆች

ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ስም በልጅነቱ ይሰማል። ከማን እንደ ተወለዱ፣ እንዴት እንደ ነገሡ፣ ዘውዱ ማንን ምን እንዳስከፈለ፣ ልጆቻቸውም የት እንደ ደረሱ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚነግርዎት ሰው ብዙ አያገኙም። እስቲ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳዎት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እነግርዎታለሁ።

ወሬውን ከጎንደር ልጀምር። በ1723 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ። ስለዚህ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ እንደራሴ ሆኑ። እንደራሴ ማለት ንጉሡ ልጅ ሲሆን፣ ወይም በራሱ መግዛት ሲያቅተው፣ በእሱ ስም የሚገዛ ሰው ነው። ዘውዱ ከንጉሡ ራስ አይወርድም። የሚሾመው፣ የሚሽረው፣ ጦሩን የሚያዘው ግን እንደራሴው ነው። በቅርቡ ዘመን ለልጅ ኢያሱ ራስ ተሰማ ናደው፣ ለንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ ራስ ተፈሪ በዚህ ሥልጣን ሠርተዋል።

እንደራሴ የያዘው ሥልጣን የሌላ ሰው ነው። ታዲያ እንዴት አጽንቶ ይይዘዋል? አንደኛው መንገድ ልጆችን መዳር ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ ካረፉ በኋላ፣ ሰዎች ምልምል ኢያሱ ከሚሏቸው መስፍን አስቴር፣ አልጣሽና ወለተ እስራኤል የተባሉ ሴቶች ልጆች ወለዱ። አስቴር የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አገቡ። እርስዎ ሞጣን የሚያውቁ ከሆነ፣ የሞጣ ጊዮርጊስ ሲነሣ የወይዘሮ ወለተ እስራኤልም ስም አብሮ ሲነሣ ሰምተው ይሆናል። ከእሳቸውና ከዮሴዴቅ የተወለዱት ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዙ። በጎጃም ላይ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የገዛው ቤት ትልቁ መመኪያ ይህች ጋብቻ ናት።

በዚያ ዘመን ጎንደር የመጣ አንድ የስኮትላንድ ሰው ነበር፤ ጄምስ ብሩስ ይባላል። የመጣው በ1762 ዓ.ም. ነው። ቁስቋም በሚባለው ግቢያቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ገብቶ ወጥቷል። ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታሟል። በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ግሽ ዓባይ ድረስ ወርዶ የዓባይን ምንጭ አይቷል። ጎንደር ያየው የእንደራሴና የዘመድ ጠብ ለስኮትላንድ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1406 የስኮትላንድ ንጉሥ ሲሞት፣ ወራሹ ልጅ ጄምስ በእንግሊዞች እጅ ተይዞ ነበር። አጎቱ የኦልባኒው መስፍን ሮበርት ስቱዋርት እንደራሴ ሆኖ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1420፣ አገሩን ገዛ። ልጁ መርዶክ ተተካ። ጄምስ በ1424 ከምርኮ ተመለሰ፤ በዓመቱ መርዶክን አስገደለው። እንደራሴ ሲቆይ ሥልጣኑ የራሱ ይመስለዋል፤ ባለ ዘውዱ ሲመለስ ሂሳቡ የሚወራረደው ደግሞ በልጆች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ትውልዱ በሴት በኩል ከሆነ እንዴት ለሥልጣን ይበቃል?» መልሱ ከአባቶችዎ የርስት ክርክር ውስጥ አለ። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለድ ይገኝ የነበረ የመሬት ድርሻ ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። እርስዎ በእናትዎ አያት በኩል ተወላጅ መሆንዎን ካስረዱ ድርሻ መጠየቅ ይችሉ ነበር። የመሳፍንቱ ቤትም በዚሁ ሕግ ነው የሄደው። ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ በእናታቸው የምንትዋብ ልጅ ልጅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላም በሴት ልጆች የተወለዱ ወገኖች «እኛም የኃይሉ ዘር ነን» እያሉ ጎጃምንና ዳሞትን ጠየቁ።

ይህ ሕግ ደግነትም ጣጣም ነበረው። ደግነቱ ሴቷን ከውርስ አለማስወጣቱ ነው። ጣጣው ደግሞ ጠያቂው መብዛቱ ነው። የመሬት ጠያቂ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ የሥልጣን ጠያቂ ግን ጦር ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የጎጃም ታሪክ ውስጥ ጠላት ሲባል ብዙ ጊዜ የአጎት ልጅ ሆኖ ያገኙታል።

በሴት ልጅ ከኃይሉ ከተወለዱት አንዱ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አያት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። የኖሩት ዘመነ መሳፍንት በምንለው ጊዜ ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ በስም ይቀመጣል፤ የሚገዙት የየጁው ራስ ዓሊ ናቸው፤ እሳቸውም እንደራሴ ነበሩ። ጎሹ ከራስ ዓሊ ጋር ሲጣሉም ሲታረቁም ኖሩ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም እንዲሁ፤ አንዳንዴ አባትና ልጅ ራሳቸው በየፊናቸው ይሰለፉ ነበር።

በመጨረሻ ራስ ዓሊ አማቻቸው ካሣ ኃይሉ ሲያስቸግሯቸው የካሣን አገር ለጎሹ ሰጡ። የተሰጠ አገር ግን ባለቤቱን ሳያስለቅቁ አይያዝም። ጎሹ ዘመቱ፤ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ተገደሉ። በሰኔ ራሳቸው ዓሊ እዚሁ ጎጃም፣ አይሻል ሜዳ ላይ ድል ሆኑ። ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ብሩ ጎሹ አስቀድመው ተይዘው ነበር፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እስኪሞቱ ድረስ አሥራ አራት ዓመት ያህል በሰንሰለት ኖሩ። ከዚያው ዘር ተድላ ጓሉ የሚባሉ ሌላ ተወላጅ ተነሥተው ለቴዎድሮስ አልገብርም ብለው ጎጃምን ያዙ። መንቆረርን፣ ማለትም የዛሬዋን ደብረ ማርቆስን፣ የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው።

አዳል ተሰማ የተወለዱት እዚህ ትርምስ መካከል ነው። አባታቸው የጎሹ ልጅ ደጃዝማች ተሰማ ናቸው፤ ብሩ ጎሹ አጎታቸው ነበሩ። ዘመኑ 1839 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል። አዳል ተክለ ሃይማኖት የተባሉት በኋላ ሲነግሡ ነው።

አዳል እንዴት ወጡ? መጀመሪያ በጋብቻ። ከቴዎድሮስ በኋላ የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በ1860 ዓ.ም. ነገሡ። አዳል የእሳቸውን እኅት ላቀች ገብረ መድኅንን አገቡ። ተክለ ጊዮርጊስ በበኩላቸው የትግሬውን የካሣ ምርጫን እኅት አግብተው ነበር። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ሰንሰለቱን ይመልከቱት፤ ከጎጃም ላስታ፣ ከላስታ ትግራይ በጋብቻ ታስሯል። ጋብቻ ግን ጦርነት አያስቀርም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ካሣ የእኅታቸውን ባል ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥተው ማረኩ፤ ከወራት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። አዳል አማቻቸውን አጡ።

ዐፄ ዮሐንስ መጀመሪያ ያዘነበሉት ወደ ተድላ ጓሉ ልጅ ወደ ደስታ ተድላ ነበር። አዳል ደስታን አሸነፉ። ንጉሠ ነገሥቱም አዳል ብርቱ መሆናቸውን ሲያዩ ራስ አሏቸው፤ ጎጃምንም አጸኑላቸው። በዚያ ዘመን ሹመት ማለት ብዙ ጊዜ በጉልበት የተያዘውን ማጽደቅ ነበር። ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ሹሙ ሕጋዊ ይሆናል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግብርና ዘማች ያገኛል።

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ሆነ። «በአንድ አገር ሁለት ንጉሥ እንዴት ይሆናል?» ይሉ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥት የነገሥታት ንጉሥ ነው፤ ከሥሩ ንጉሥ ሊያደርግ ይችላል። የሸዋው ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ገብተው ንግሥናቸው ታውቆላቸው ነበር። ዮሐንስ ጎጃምን ያነገሡት ሸዋ ብቻውን እንዳይገን ነው ብዬ አምናለሁ። «የከፋ ንጉሥ» የምትለዋ ቃል ነገሩን ትገልጠዋለች። ከፋ ያኔ የራሱ ንጉሥ ያለው አገር ነበር። ዮሐንስ ለተክለ ሃይማኖት የሰጡት ሄደው እንዲይዙት ነው። እዚያው አቅጣጫ ደግሞ ምኒልክ እየገፉ ነበር።

ከፋ ለምን ተፈለገ? የየጁቤን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች የባሶን ገበያ ወሬ ሰምተው ይሆናል። ያኔ ወደዚህ ገበያ ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩ በኩል፣ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ የሰው ልጅም ባሪያ ተብሎ ተነድቶ ይመጣል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ገዢው ከሁሉም ቀረጥ ይቀበላል፤ በምጽዋ በኩልም ጠመንጃ ይገዛል። የደቡቡን ንግድ የያዘ ጠመንጃ ይይዛል። ጠመንጃ የያዘ ደግሞ ዘውዱን ያጸናል።

በ1874 ዓ.ም. የተክለ ሃይማኖት የጦር አለቃ ራስ ደረሶ ከዓባይ ማዶ ወርደው ግብር ሰበሰቡ። የምኒልኩ ራስ ጎበናም እዚያው ነበሩ፤ ተጋጩ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለቱ ነገሥታት ራሳቸው ተሻግረው ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ተዋጉ። የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ጦርነቱን ቆረጠው። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከነገሡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም።

ምኒልክ ምርኮኛውን በክብር ያዙ፤ ቁስላቸውንም አስታመሙ። ዐፄ ዮሐንስ ግን ሳያስፈቅዱኝ ተዋጉ ብለው በሁለቱም ተቆጡ፤ ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ከዚያም እንደ ልማዱ ጋብቻ መጣ፤ የዮሐንስ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። ጎጃም በዚህ ጋብቻ አልነበረችም። ከእምባቦ በኋላ የደቡቡ በር ለጎጃም ተዘጋ፤ ለሸዋ ተከፈተ። እኔ እንደማየው የተክለ ሃይማኖት ዕድል የተወሰነው በዚያች ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መከላከል ነበር።

ይህን ሁሉ ማን ከፈለው ብለው ቢጠይቁ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ። በዚያ ዘመን ወታደሩ የወር ደመወዝ አልነበረውም። ጌታው ጉልት ይሰጠዋል፤ ጉልት ማለት መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ነው። ገበሬው ርስቱ የራሱ ነው፤ ግን እህል ይሰፍራል፣ ማርና ቅቤ ያገባል፣ ሙክት ይነዳል። በተወሰኑ ቀናት የጌታውን ሁዳድ፣ ማለትም የጌታውን እርሻ፣ ያርሳል፣ ያጭዳል። ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል። ወታደር ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ይገባበታል፤ ይህን ተሰሪ ይሉታል። ተሰሪው የተሰጠውን በልቶ በቃኝ አይልም። ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር አውጥቶ ያቀርባል፤ ሚስቱ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች።

ዘመቻ ሲሆን ሸክሙ ይጨምራል። ሠራዊት ከነሴቱ፣ ከነአህያው፣ ከነድስቱ ነው የሚንቀሳቀሰው። ባለፈበት አገር ያለውን ይበላል። ወዳጅ ጦርም ቢሆን ካለፈ በኋላ ጎተራው ባዶ ነው። ጠላት ሆኖ ሲመጣማ ምን እንደሚሆን ጎጃም በ1881 ዓ.ም. አይታዋለች።

ወደዚያ ያደረሰው እንዲህ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሾችን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ። ደርቡሽ የምንለው የሱዳኑን የማህዲ ተከታይ ጦር ነው። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የደርቡሾቹ አዛዥ አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ ደምቢያ ገባ፤ ሳር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሣ። ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ በሰሜን ጣሊያንን ይጠብቁ ነበርና በጊዜ አልደረሱም። ተክለ ሃይማኖት ቅር አላቸው፤ ከምኒልክ ጋር ተላላኩ። ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ጦራቸውን ወደ ጎጃም መለሱ፤ አገሩን አስዘረፉት። ንጉሡ አምባ ላይ ነበሩ፤ ሜዳ ላይ የነበረው ገበሬው ነው። ከዚያ ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ሄዱ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ወደቁ።

ያው ጊዜ የከብት በሽታ ገባ፤ በሬው አለቀ። ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብ ያ ነው። የተዘረፈ ገበሬ በሬ ካለው መልሶ ያርሳል። የጎጃም ገበሬ በተዘረፈ ማግስት በሬውንም አጣ። ስለ ነገሥታቱ ጠብ ሲወራ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው የአዝማቾቹን ስም ይዘረዝራል፣ እነዚያ ሰዎች ግን በስም አልተጻፉም።

ተክለ ሃይማኖት ለምኒልክ ገበሩ። በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። እምባቦ ላይ ከማረኳቸው ሰዎች ጎን ተሰለፉ። መንቆረር ላይ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ ከተማዋም ስሟን ከዚያ ወሰደች። በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ።

«ልጆቻቸውስ?» የሚለው ይቀራል። ምኒልክ ንጉሡ ሲሞቱ ዘውዱን ለልጅ አላስተላለፉም። ጎጃምን ከፋፈሉት። ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ ብዙ ወራሽ ያለበትን ቤት ለመስበር ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይበቃል። የንጉሡ ልጅ ራስ በዛብህ ብዙም ሳይቆዩ ተይዘው ሞቱ። ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት ሥዩም ግን ቆዩ። የቅድመ አያታቸውን ስም ይዘው ኃይሉ ተባሉ፤ በ1900 ዓ.ም. ራስ ሆኑ፤ ጎጃምንም መልሰው ያዙ።

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እንደ አባታቸው በጦር ሳይሆን በገንዘብ የበረቱ ሰው ናቸው። ግብሩን አጠበቁ፤ ሹመትን በገንዘብ ሰጡ፤ አዲስ አበባ ላይ ንግድ ውስጥ ገቡ። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ሚስት ነበሩ፤ የጥንቱ መንገድ እንዳልተረሳ ያያሉ። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ተሽረው ፍቼ ታስረው ነበር። በ1924 ዓ.ም. ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብለው የተከሰሱት አማታቸው ራስ ኃይሉ ናቸው። ታሰሩ፤ ንብረታቸው ተወረሰ። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠች። የጎጃም ገዢ ከጎጃም ቤት ያልተወለደ፣ ከማዕከል የተላከ የሸዋ ሰው ሆነ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ኃይሉ ለጣሊያን ገቡ። የወንድማቸው ልጅ የሆኑት ልጅ ኃይሉ በለው ግን ጫካ ገብተው በአርበኝነት ተዋጉ። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ዘር ናቸው። አጎትዮው ጣሊያን መልሶ የጎጃምን ዙፋን ይሰጠኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጅ ነሡ፤ ቀሪ ዘመናቸውን አዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ኖሩ። ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ጎጃምን ገዙ።

ይህም እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ነው። በዚያ ዓመት ደጃዝማች ከበደ ተሰማ ከአዲስ አበባ ተሹመው መጡ። ከዚያ በኋላ የጎጃም ጠቅላይ ገዢ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ፤ ጦሩም የመንግሥት ጦር። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ርስቱ ግን ቆይቷል፤ በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲጥል ጎጃም የሸፈተው መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ በአባትም በእናትም እየቆጠሩ መጠየቅ ለገበሬውም ለመሳፍንቱም ዘር በአንድ ቀን ቀረ።